ሰርካዲስ ብቻዋን የቆመችበት ማሽን

ለውድ ወንድሜ ለጋሼ ጸጋዬ፣

ጤናህ እንዴት ነው? ያ የክረምቱ ሳል ለቀቀህ? እማዬስ ጉልበቷ ተሻላት? ፋናና ልጆቹስ ደህና ናቸው? እኔ መድኃኔዓለም ይመስገን፣ ቆሜ እሄዳለሁ። ደብዳቤህን ታክሲ የሚነዳው ግርማ እኛ ሐበሾቹ የምንገናኝበት ፌርፋክስ ሰፈር ድረስ ይዞልኝ መጣ።

በፋብሪካው የፈረቃ ኃላፊ መሆንህን ሳነብ እልል አልኩ። ዝቅ ስል ግን «ምርት እንዲያድግ በየማሽኑ ያሉትን ሁለት ሁለት ሰዎች ወደ አንድ ላወርድ ነው» ትላለህ። እዚያ ላይ ደብዳቤውን አስቀመጥኩት። ስለዚህ እዚህ የሆነውን ልንገርህ።

የምሠራው ዌስትቼስተር አጠገብ፣ የሆቴል አንሶላ በሚታጠብበት ትልቅ ሎንድሪ ነው። እርጥቡ አንሶላ በጋለ የብረት ጥቅል ሥር አልፎ፣ ተተኩሶ በጀርባ በኩል ይወጣል። ማሽኑን ሁለት ሆነን ነበር የምናጎርሰው፤ እኔ በግራ፣ ሰርካዲስ በቀኝ። የእትዬ ወርቅውሃን ልጅ፣ ያቺን ሳቂታ፣ ታውቃታለህ። ቀዩ የማሽኑ ማቆሚያ ቁልፍ በእኔ በኩል ስለነበር፣ ጨርቁ ሲይዛት «ሸዋዬ!» ትላለች፣ እኔ እጫነዋለሁ።

ሰኔ ላይ አዲስ ሱፐርቫይዘር መጣና «ዋን ማሽን፣ ዋን ፐርሰን» አለ። እኔን የተተኮሰውን እንድቀበል ወደ ማሽኑ ጀርባ ወሰደኝ። ሰርካዲስ «ማቆሚያው ላይ እኮ እጄ አይደርስም» ብትለው፣ «ተጠንቅቀሽ ሥሪ» ብሏት አለፈ።

አንድ ሐሙስ የምቀበለው አንሶላ ቀይ መስመር ይዞ ወጣ። የማሽኑ ጩኸት የእሷን ጩኸት ውጦታል። መንገዱን የሞሉትን ጋሪዎች እየገፋሁ ዞሬ እስክጫነው ድረስ እጇ ገብቶ ነበር። ሐኪሞቹ አውራ ጣቷንና ሌባ ጣቷን ብቻ አተረፉላት።

አምቡላንሱ ከግቢው ሳይወጣ ሱፐርቫይዘሩ «ባክ ቱ ወርክ!» አለ። ሉፔ የምትባል፣ የእማዬ እኩያ የሆነች ሜክሲኳዊት ግን ማሽኗን አጥፍታ ቆመች። ሁለት ጣቷን አሳይታ «ቱ ፒፕል» አለችው። እኛም፣ እርስ በርስ በቋንቋ የማንግባባው ሁሉ፣ ማሽኖቻችንን አጠፋን። አባርራችኋለሁ ብሎ ፎከረ። ማንም አልተነቃነቀም። እርጥቡ አንሶላ እንደ ጉብታ ሲከመር ባለቤቱ ራሱ መጥቶ «ኦኬ፣ ሁለት ሁለት ሁኑ» አለ። በቀኝም በኩል ማቆሚያ አስገጠመ።

እናማ፣ ሥራው አሁን ደህና ነው። እኔ ግን ደህና አይደለሁም። የሚወጣውን አንሶላ ሁሉ ገልብጬ አያለሁ። ንጹሕ ነው፤ ደግሜ አያለሁ። ሉፔ ስትጠራኝ የሰርካዲስን ድምፅ ሰምቼ እደነግጣለሁ። ሰርካዲስ ኢንግልዉድ ሰፈር አብራኝ ነው የምትኖረው። የሌሉት ጣቶቿ ያቃጥሏታል፤ ውሃ ውስጥ ልትነክራቸው ትነሳና፣ ትዝ ሲላት ተመልሳ ትቀመጣለች።

ወንድም ጋሼ፣ ሰው ቀንስ ሲሉህ አንድ ነገር ጠይቅልኝ። የሠራተኛው እጅ ማሽን ውስጥ ሲገባ፣ ማቆሚያውን የሚጫነው ማነው? መልስ ከሌላቸው ሹመቱ ጥንቅር ይበል። በእማዬ ይዤሃለሁ፣ ሰው ብቻውን አታቁም።

እማዬን ጉልበቷን ሳምልኝ። ፋናን እንደ እህቴ እንደምናፍቃት ንገራት። ትንሿን ማሚቱን ጉንጯን፣ ተስፋሁንን ግንባሩን ሳምልኝ። ለእትዬ ወርቅውሃ ሰርካዲስ ራሷ ደውላ ነግራታለች፤ ብቻዋን እንዳትሆን ብቅ እያላችሁ አጫውቷት።

ሰርካዲስም ሰላም ብላሃለች። ስሟን ልተወው ብዬ ነበር፤ «ስሜን ጥሪው እንጂ፣ አንዲት ሴት ካልሽውማ አንብቦ ያልፈዋል» አለችኝ።

እህትህ ሸዋረጋ
ሎስ አንጀለስ፣ ጥቅምት ፲፪ ቀን ፲፱፻፸፱ ዓ.ም.