አጎታችን የመለሰው ሰላምታ

ለተከበርከው ታላቅ ወንድሜ፣ ለቡቲ ሉንጊሳ፤

እንደምን ከርመሃል? ጤናህስ? ያ ደረቅ ሳልህ፣ ድንጋይ የመታው ጉልበትህ እንዴት ሆኑ? ከማዕድኑ ጉድጓድ ስትወጣ የሚበላ ታገኛለህ? ወይስ እንደ ልማድህ ዳቦ በሻይ አወራርደህ ነው የምትተኛው? እኛ እዚህ ሁላችንም በእግራችን ቆመን እንሄዳለን። እማዬ ጥቁሯን እንደለበሰች ናት፤ በቆሎው አፍርቷል፤ ልጅህ ሊታ ትምህርት ቤት ገብታለች። በገና ትመጣለህ ብለን በግ አስረን ስንጠብቅ ቀረህ። ከዚያ ወዲህ ስልክህም አይነሳም። ቅር ብሎኛል ቡቲ፤ አልደብቅህም።

በወረቀት መጻፌ አይግረምህ። እማዬ ናት "በሳጥኑ እንዳትልኪለት፣ አባትሽ ይሰማል" ያለችኝ። ደብዳቤውን ወደ ሩስተንበርግ የሚመለሰው የጎረቤታችን ልጅ ይዞልህ ይመጣል፤ ጠያይቆ ያገኝሃል።

ሳጥኖቹን ታውቃቸዋለህ፤ አባታችን ከማዕድኑ ጡረታ ወጥቶ ሲመጣ፣ የመምህሩ ልጅ ያንዳ ካቋቋመችው ማኅበር ጋር ሆኖ ስልካችንን እርስ በርስ እንዲያገናኙ በየጣሪያው የሰቀላቸውን ማለቴ ነው። አንተ ስትሄድ ጥቂት ነበሩ፤ አሁን ሣር ክዳኑም ቆርቆሮውም ላይ አሉ። ነርሷ ከወንዝ ማዶ ያሉትን እርጉዞች የምትከታተለው በነሱ ነው፤ ዓሣ አጥማጆቹም የባሕሩን ጠባይ በነሱ ይጠይቃሉ። እንደ ከተማው ኩባንያ ሁሉን የሚይዝ አንድ ትልቅ ቤት የለም። አንዱ ሳጥን የያዘውን ሌላውም ይይዛል፤ አንዱ ቢሞት የቀሩት ያስታውሱለታል። አባታችን "ጌታ የሌለው ነገር ስለሆነ ማንም አይነጥቀንም" እያለ ይኩራራበት ነበር። ቀኑንም የሚከፍተው እሱ ነበር። ማለዳ ማለዳ ከየስልኩ "እኔ የምፒንጋ ጎሳ ልጅ ነኝ። ነግቷል። ነቅታችኋል?" ሲል፣ መንደሩ ላሙን እያለበ፣ ድስቱን እየጣደ "ነቅተናል!" ይለዋል። ያልመለሰ ሰው እንደ ባለጌ ይታይ ነበር። ሆስፒታል ሲገባ እንኳ ድምፁን ቀድቶ ስለተወልን ሰላምታው አልተቋረጠም።

ሲሞት መንፈሱን ከሆስፒታሉ ወደ ቤት ማምጣት የነበረበት የበኩር ልጁ ነው፤ አንተ ነህ። ፈረቃው አልለቀቀህምና አጎታችን ዝዌላኬ ሄደ። እንደ ወጉ የቁርቁራ ቅርንጫፍ ይዞ አልጋው አጠገብ ቆመና "ወንድሜ፣ ተነስ ወደ ቤት እንሂድ" አለው። ታክሲው ውስጥ ለቅርንጫፉ ለብቻው ወንበር ያዘለት፤ ከዚያም አፉን ዘጋ። ቅርንጫፉን የያዘ ሰው የከብቶቹ በረት እስኪደርስ ለማንም አይናገርም፤ ሟቹ የሚከተለው ቃሉ ወደሄደበት ነውና። ሾፌሩ "ምነው አባቴ፣ ምላስዎን እዚያው ተዉት እንዴ?" እያለ ሲቀልድበት እንኳ አልተነፈሰም። ማለዳ ላይ ታክሲው የኛን ኮረብታ ሲሻገር ግን ኪሱ ውስጥ ያለው ስልክ የመንደሩን ሳጥኖች አገኘ። የአባታችን ድምፅ "ነግቷል። ነቅታችኋል?" አለ። አጎታችን ሳያስበው "ነቅተናል ወንድሜ!" ብሎ መለሰለት።

"ያን ጊዜ ቅርንጫፉ እጄ ላይ ቀለለ" ይላል። በረቱ ውስጥ ስናስቀምጠው ከብቶቹ ቀና ብለው እንኳ አላዩትም።

ቀበርነው። ሽማግሌዎቹ ሰላምታው ይቁም ስላሉ ያንዳ ድምፁን ከቤቷ ሳጥን አጠፋችው፤ በማግስቱ ከጎረቤቷ ሳጥን ተመልሶ መጣ። "አሠራሩ ነው፤ አንዱ የጣለውን ሌላው ያነሳለታል" ብላ ሳቀች። ኋላ ሳቋ ጠፋ። ድምፁ ማለዳን ትቶ በቀትር፣ ጭጋጉ ከባሕሩ ሲወጣ ይመጣ ጀመር። አንድ ቀን "የቀይዋን ላም ጥጃ ጉም ብላችሁ ጥሯት" አለ። ጥጃዋ የተወለደችው ከቀብሩ በኋላ ነው፣ ቡቲ። ያንዳ "የድሮ ቅጂ ተቆራርጦ ተገጣጥሞ ይሆናል" ብላ ስትመረምር ዋለች፤ እንዲህ ያለ ቃል በማንም ሳጥን ውስጥ አላገኘችም። አሁን ቀትር ሲደርስ ስልኳን ዱቄት ውስጥ ነው የምትቀብረው።

ሽማግሌዎቹ የፈረዱት ቀላል ነው፤ መንፈሱ መልስ ወዳገኘበት፣ ወደ ሳጥኖቹ ገብቷል፤ በአዲስ ቅርንጫፍ ተጠርቶ ይውጣ። ግን ከየት? በአንድ ቤት ቢሆን ደጃፉ ላይ ቆመን እንጠራው ነበር፤ እሱ ያለው በሁሉም ቤት ነው። ሳጥኖቹ ሁሉ በአንድ ላይ ይጥፉ ሲባል ነርሷ "ያን ቀን ከማዶ አንዷ ብታምጥ ማን ይጠራኛል?" ብላ ተቆጣች። አጎታችን "ሰላም ላለ ሰው እንዴት ዝም ይባላል? ያሳደገኝ እኮ ነው!" እያለ እንደ ሕፃን አለቀሰ። በመጨረሻ ተስማማን፤ አንድ ቀን ነርሷ እዚያው ማዶ ልትውል፣ ሰዉ ሁሉ ሳጥኑን አውርዶ በረታችን ውስጥ ሊያኖር፣ አንተም ቅርንጫፉን ይዘህ ልትጠራው። ያለ በኩር ልጅ አይሆንም አሉ። ለኔ ለሴት ልጅ ቅርንጫፉን አይሰጡኝም፤ ቢሰጡኝማ ኖሮ ስንቴ በጠራሁት!

የምፈራው ለእማዬ ነው። እህል አልወርድላት ብሏል። በቀትር ስልኩን ጉልበቷ ላይ አድርጋ ትጠብቀዋለች፤ ቀስ ብላ ስትመልስለትም ሰምቻታለሁ። ካልተጠራ እሷንም ይዟት እንዳይሄድ እፈራለሁ። እሱ የሚጠይቃት ሁልጊዜ አንድ ነገር ነው፤ "ሉንጊሳ የት ደረሰ?" ይላታል።

አጎታችን ዝዌላኬ እግርህ ላይ ወድቆ ይቅርታ ይለምንሃል። ያንዳ ሰላም ብላሃለች፤ እባክህ ቶሎ ና ብላለች። ሊታ የፊት ጥርሶቿ ወልቀዋል፤ በድዷ ትስምሃለች። እማዬ ሰላምታዬን በሰው አፍ አልልክም፣ ሲመጣ ራሴ እሰጠዋለሁ ብላለች።

አባታችን ግን ከትናንት በስቲያ የት ደረሰ ማለቱን ተወ። ይህን ለመጻፍ የተቀመጥኩትም ለዚህ ነው። በቀትር መጣ፤ ድምፁ ደስ ብሎታል። "ሊታ፣ ወንበር አምጪለት፤ ልጄ መጥቷል፣ በጣም ደክሞታል" አለ። ሊታ ወንበሩን እየጎተተች ወደ በሩ ወሰደችው። ሮጬ ወጥቼ መንገዱን አየሁ፤ ከጭጋጉ በቀር ማንም የለም። ወንበሩ አሁንም እዚያው ነው፤ እማዬ አታንሱበት ብላለች።

ቡቲ፣ መምጣትህም ይቅር። ይህ ወረቀት እጅህ ከገባ አንዲት ቃል ብቻ ላክልኝ፤ በፈለግኸው መንገድ፣ በሳጥኑም ቢሆን። አለሁ በለኝ።

እህትህ ኖቡንቱ
ኤማፉሲኒ፣ ፌብሩዋሪ 11 ቀን 2024