ስለ አረንጓዴዋ ምልክትና ስለ ጠፉት ሁለት መቶ አሥራ አራት ካርታዎች

ለተከበሩ የውኃ መሥሪያ ቤታችን የመረጃ ሥርዓት ክፍል ኃላፊ
አራተኛ ፎቅ

ክቡር ሆይ፣ ከሁሉ አስቀድሞ እንደምን ሰነበቱ እላለሁ። ጤናዎ ከክፍልዎ ስልክ በተሻለ ሲጠሩት ቶሎ አቤት የሚል እንዲሆን፣ ቤተሰብዎ ደህና እንዲሆን፣ ወንበርዎም እንዲመችዎ ከልብ እመኛለሁ።

እኔ በምድር ቤቱ ካርታ ክፍል ሃያ ሁለት ዓመት የሠራሁ ነዳፊ ነኝ። ካላወቁኝ አይጨነቁ፤ ምድር ቤት የሚወርድ ሰው ጥቂት ነው፣ የሚወርደውም መብራት ሲጠፋ ቆጣሪውን ለማየት ነው። የምጽፍልዎት በመጪው ሐሙስ ከጠዋቱ በሦስት ሰዓት የዲሲፕሊን ኮሚቴው ተሰብስቦ የክፍላችንን መዝገብ ያዥ፣ ሁለት መቶ አሥራ አራት የቧንቧ መሥመር ካርታዎችን አጥፍታለች በሚል ከሥራ ለማሰናበት ስለሚወስን ነው። ደብዳቤውን ግልጽ አድርጌ በደረጃው ሥር ባለው ማስታወቂያ ሰሌዳ ላይ የለጠፍኩት ክብርዎን ለመንካት ብዬ አይደለም። በዝግ የጻፍኳቸው ሦስቱ መልስ አላገኙም፤ አራተኛውን ቢያንስ ተላላኪዎች ያነቡታል ብዬ ነው።

በቅድሚያ ላመሰግንዎት የሚገባኝ ነገሮች አሉ። በተራ ቁጥር አቀርባቸዋለሁ፤ ክፍልዎ ቁጥር የሌለውን አቤቱታ እንደማይቀበል ተምሬያለሁና።

አንደኛ፣ ስለ ሥልጠናው አመሰግናለሁ። ለአርባ ደቂቃ በስብሰባ አዳራሹ ተቀምጠን፣ መጋረጃ በሌለው መስኮት የገባው ፀሐይ የምስል ማሳያውን ሸራ አንጥቶት፣ ከፋይሎቹ ጎን የሚታዩትን የምስር ፍሬ የሚያህሉ ምልክቶች ትርጉም ሰማን፤ አየን ለማለት ግን አልደፍርም። ሰማያዊ ደመና ከታየ የፋይሉ ስም እንጂ ፋይሉ ራሱ ኮምፒውተሩ ውስጥ የለም፣ በማዕከላዊው ማከማቻ ነው ተባልን። አረንጓዴ የ«ትክክል» ምልክት ከታየ እዚህም እዚያም አለ። ሁለት ቀስቶች እየተሳደዱ ከዞሩ በመንገድ ላይ ነው። ቀይ ኤክስ ከታየ አልሆነም ማለት ነው። የደመናው ነገር አልገባን ብሎ ስንቁለጨለጭ የቧንቧ ቆፋሪዎቹ አለቃ ከኋላ ሆኖ፣ «ኮቱን ወንበሩ ላይ ሰቅሎ የሚጠፋ ሠራተኛ ማለት ነው» አለ። አዳራሹ ሁሉ ሳቀ። ከአርባው ደቂቃ በአእምሮዬ የቀረው እሱ ብቻ ነው። አሠልጣኙ አልሳቀም፤ ኮቱን ለብሶ ወጣ።

ሁለተኛ፣ ስለ ሰርኩላሩ። ሥልጠናው በተሰጠ በሁለተኛው ሳምንት በፊርማዎ የወጣውን ሰርኩላር ካነበብኩት ብዛት በቃሌ ይዤዋለሁ፤ «አረንጓዴ ምልክት ያለው ማንኛውም ፋይል በማዕከላዊው ማከማቻ በአስተማማኝ ሁኔታ ስለተቀመጠ፣ የኮምፒውተር ቦታ ሲጣበብ ሠራተኛው ከራሱ ኮምፒውተር ላይ ሊያጠፋው ይችላል» ይላል። ዓረፍተ ነገሩ ያምራል። ከፊት ያለው ግማሹ እውነት ነው። ከኋላ ያለው ግማሹ ደግሞ የሃያ ሁለት ዓመት ሥራዬን በላው።

ከክፍልዎ ቴክኒሻኖች አንዱ ነገሩን ያስረዳኝ ካለፈ በኋላ ነው፣ ያውም በኮሪደር ላይ፣ ሻዩን እንደያዘ። «ጋሼ፣ መስታወት በሉት። እዚህ ያጠፉት እዚያም ይጠፋል። ቦታ ለማግኘት ማጥፋት ሳይሆን ‹ቦታ አስለቅቅ› የሚለውን መጫን ነበር፤ ያኔ አረንጓዴው ወደ ደመና ይለወጣል፣ ፋይሉ ግን እላይ ይቀራል» አለኝ። ሰርኩላሩን አውጥቼ ባሳየው አንብቦ፣ ግራ ቀኙን አይቶ፣ «እኔ ምንም አላልኩም» ብሎ ሄደ። አልፈርድበትም። እኔም ያንኑ ብያለሁ፤ እደርስበታለሁ።

ሦስተኛ፣ ስለ ትዕግሥትዎ። ካርታዎቹ የጠፉት ሰኞ ነው። መጥፋታቸው የታወቀው ረቡዕ፣ የቆፋሪዎቹ አለቃ ከክሊኒኩ ጀርባ ያለውን መሥመር ፈልጎ በመጣ ጊዜ ነው። መዝገብ ያዥዋ በዚያው ሰዓት ለክፍልዎ በኢሜይል አመለከተች። ወዲያው የጥያቄ ቁጥር ተሰጣት። ቁጥሩን በወረቀት ጽፋ በኮምፒውተሩ ጠርዝ ላይ ለጠፈችው፤ እስካሁን አለ። የጠፋ ፋይል በማዕከላዊው ማከማቻ ለሠላሳ ቀን እንደሚቆይና በአንድ ጠቅታ ሊመለስ እንደሚችል ያን ጊዜ የነገረን የለም። መልስዎ የደረሰን በሠላሳ አራተኛው ቀን ነው፤ «የማቆያ ጊዜው ስላለፈ ፋይሎቹን መመለስ አልተቻለም፤ ስለ ትዕግሥትዎ እናመሰግናለን» ይላል። ክቡር ሆይ፣ ምስጋናው ያለ ቦታው ነው የመጣው። የታገሡት እርስዎ ነዎት።

አራተኛ። ወረቀቶቹ። እነሱ ቢኖሩ ይህን ሁሉ አልጽፍም ነበር። ካርታዎቹ ፎቶ ተነሥተው ወደ ኮምፒውተር እንደገቡ ዋናዎቹ ቦታ ያጣብባሉ ተብሎ በካርቶን ታጭቀው እንዲወገዱ ተወሰዱ። እኔ ራሴ ደረጃው ድረስ ተሸክሜያቸዋለሁ።

እዚህ ላይ ጥቂት እንዲታገሡኝ እለምናለሁ ልል ነበር፤ ትዕግሥትዎን ግን ቀደም ብዬ መስክሬለታለሁ።

ቧንቧ ከተቀበረ በኋላ አይታይም። ያለበትን የሚያውቀው የቀበረው ሰውና ካርታው ብቻ ነው። የቀበሩት አብዛኞቹ ዛሬ የሉም። እኔ ከእነሱ ኋላ ኋላ ሜትር ይዤ እየሄድኩ፣ ከአጥሩ ጥግ ሁለት ሜትር ከሃምሳ፣ ከዳቦ ቤቱ ደፍ አራት ሜትር እያልኩ የሣልኳቸው ናቸው። ዳቦ ቤቱ ፈርሶ ፋርማሲ ሆኗል። ካርታው ላይ ግን ደፉ ነበር። አሁን አለቃው በግምት ያስቆፍራል፤ ባለፈው ሳምንት ከክሊኒኩ ጀርባ ሲቆፍሩ ዋናውን መሥመር በዶማ መቱት፣ ክሊኒኩም ሁለት ቀን ያለ ውኃ ዋለ። ሁለት መቶ አሥራ አራት ከነበሩት ሰባቱን መልሰናል፤ እነዚህም አለቃው አንድ ጊዜ በስልኩ ያነሣቸው ናቸው፣ በሁሉም ጠርዝ ላይ አውራ ጣቱ አለ።

እኔ ደግሞ እንግዳ ጠባይ አምጥቻለሁ። እባብ ያየ በልጥ በረየ ይባል የለ? ጠዋት ኮምፒውተሩ ሲከፈት ምልክቶቹን አንድ በአንድ እቆጥራለሁ። አረንጓዴ ናቸው። አረንጓዴነታቸው ያስፈራኛል። ቤት ስገባ ባለቤቴ ዝም ካለች ሁለቱ ቀስቶች ከራሷ በላይ የሚዞሩ ይመስለኛል፤ ምን ሆነሃል ስትለኝ ምንም እላለሁ። ምንም አይደለም፣ ሁሉም እዚህም እዚያም አለ።

ይኸውልዎት፣ የምጽፈው ስለዚህ ሁሉ አይመስለኝም።

በዚያ ሰኞ ኮምፒውተሩ ቦታ የለኝም ብሎ ሥራ አቆመ። መዝገብ ያዥዋ የእርስዎን ሰርኩላር ጠረጴዛዋ ላይ ዘርግታ፣ ጣቷን በመስመሩ ላይ አድርጋ፣ ወደ እኔ ዞረች። «ጋሼ፣ ሁሉም አረንጓዴ ናቸው። ላጥፋቸው?» አለችኝ። ቀና ሳልል «አጥፊያቸው እንጂ ልጄ፣ ተብሏል አይደል» አልኳት። ማጥፊያውን ተጭና፣ «ጋሼ፣ በእንግሊዝኛ የሆነ ነገር ይጠይቃል» አለች። በመሥሪያ ቤታችን ኮምፒውተር በእንግሊዝኛ ሲጠይቅ የምንመልሰው አንድ ነገር ነው። «እሺ በይው» አልኳት። እሺ አለችው። በኋላ ቴክኒሻኑ ሲነግረኝ፣ ማሽኑ ይጠይቅ የነበረው ፋይሎቹ ከሁሉም ቦታ እንደሚጠፉ ያውቁ እንደሆነ ነበር። ከአራተኛ ፎቅ እስከ ምድር ቤት ካለነው ሁሉ ይልቅ ማሽኑ ጠንቃቃ ነበር።

ኮሚቴው ከዚያ በኋላ በተራ ጠራን። እሷን አስቀድመው ጠየቋት። ማን እንዳዘዛት ሲጠይቋት ሰርኩላሩን አይቼ ነው አለች፤ ጋሼ ነው ያለኝ አላለችም። እናቷንና ሁለት ታናናሾቿን የምታስተዳድር ልጅ ናት፣ ማለት ይገባት ነበር። ከዚያ እኔ ገባሁ። ለጡረታዬ ሁለት ዓመት ከመንፈቅ ቀርቶኛል። ቅጹ ላይ «በዕለቱ የተባባልነውን አላስታውስም» ብዬ ጽፌ ፈረምኩ። የእጅ ጽሑፌ በጣም ያምራል፤ የነዳፊ ነው። ስወጣ እሷ በኮሪደሩ ቆማ ነበር። «ጋሼ፣ አደከሙህ?» አለችኝ።

ከዚያን ቀን ጀምሮ የወደቀ ዛፍ ምሳር ይበዛበታል እንደሚባለው፣ በየቢሮው ያለ ሰው ሁሉ ልጅቷን ሲመታ እሰማለሁ፤ ኮምፒውተር የማታውቅ፣ ችኩል፣ ግዴለሽ ይላሉ። እኔም ከምሳሮቹ አንዱ ነኝ፤ ድምፅ የማያሰማው።

ስለሆነም ክቡር ኃላፊ፣ በዚህ ደብዳቤ የምስክርነት ቃሌን እስባለሁ። አስታውሳለሁ። ማጥፋቱንም እሺ ማለቱንም ያዘዝኩት እኔ ነኝ፤ እኔን ያዘዘኝ ደግሞ ሰርኩላርዎ ነው። ኮሚቴው ቅጣት የሚያስፈልገው ከሆነ ከእኔ ይጀምር። ከእኔ ቀጥሎ ወደ ታች እንዳይወርድ ግን እለምናለሁ፤ ከምድር ቤት በታች ፎቅ የለም።

ይህን ካልኩ በኋላ ቀለል ይለኛል ብዬ ነበር። አላለኝም። ነገር ግን ይህን የምፈርመው እያስታወስኩ ነው።

ስለ ሰጡን ምልክቶች፣ ስለ ማራኪ ዓረፍተ ነገርዎ፣ ስለ ሠላሳ አራቱ ቀናትም ያለኝን የማያልቅ አክብሮት ዝቅ ብዬ እየገለጽኩ፣ ሥልጣንዎ እንዲሰፋ፣ ሰርኩላርዎ ግን እንዲያጥር የምመኝ፣ ትሑት የሥራ ባልደረባዎ፣

የካርታ ክፍል ነዳፊ
ምድር ቤት፣ ከቆጣሪው አጠገብ

ማስታወሻ፦ ሐሙስ ከኮሚቴው በር ፊት የሚቀመጥባት አግዳሚ ወንበር ሦስት ሰው ትይዛለች፤ ለክቻታለሁ፣ አንድ ሜትር ከሰማንያ ናት። እኔና ልጅቷ ጠጋ ጠጋ ብለን እንቀመጣለን። ሰርኩላሩን የፈረመው ሰው የት ልቀመጥ ብሎ እንዳይቸገር ነው።