ተራራውን ትቶ በሰው ሳሎን ስለሚያልፈው የብስክሌት ጉዞ

ለተከበሩ አቶ ፍቅረማርያም
የመንኮራኩር ብስክሌተኞች ማኅበር የጉዞ ኮሚቴ ሊቀመንበር
አሌክሳንድሪያ

ክቡር ሆይ፣

ከሁሉ አስቀድሜ ለእርስዎና ለመላው ቤተሰብዎ፣ እንዲሁም በስብሰባ ብዛት ለደከመው ወገብዎ ሙሉ ጤንነትን እመኛለሁ። እኔ የሺሀረግ የምባል የሲልቨር ስፕሪንግ ነዋሪና የማኅበሩ አባል ስሆን፣ ይህን ደብዳቤ በአባላቱ ሁሉ ፊት ለመጻፍ የተገደድኩት በስልክ በፈለግሁዎ ቁጥር ስብሰባ ላይ ስለሚሆኑብኝ ነው።

እንደሚያስታውሱት፣ ከፋሲካ በኋላ ሰብስበውን፣ በጥቅምት ወር ቅጠሉ ቀይና ቢጫ ሲሆን፣ በብሉ ሪጅ ፓርክዌይ ላይ የተራራውን ጫፍ ይዘን ለአንድ ሳምንት በብስክሌት እንደምንጓዝ አብስረውን ነበር። የጭነት መኪና የማያልፍበት፣ ግራና ቀኙ ሸለቆ የሆነ መንገድ ነው ብለው ሲያስረዱ አፌን ከፍቼ ሰማሁዎ። በዚያው ስሜት በዚህ ዕድሜዬ ብስክሌት መንዳት ተማርኩ። እሑድ እሑድ ላንግሊ ፓርክ አንድ ባዶ ፓርኪንግ ሎት ውስጥ ልጄ ሐሴት ከኋላ መቀመጫውን ይዛልኝ ስትሮጥ፣ እኔም ስወድቅና ስነሳ፣ ጉልበቴ ተልጦ አለቀ። ሐሴት ነርስ ናት፤ በኅዳር ለሥራ ወደ ሲያትል ጠቅልላ ትሄዳለች። ፈረቃዋን ለዋውጣ ያገኘችው ዕረፍት ያ የጥቅምቱ ሳምንት ብቻ ነው። እኔ በሥራ፣ እሷ በትምህርት ስንሯሯጥ አድጋ አለቀች፤ ስለዚህ ለዚህ ጉዞ የጓጓሁት ለቅጠሉ ብቻ አልነበረም።

አሁን ወደ ምስጋናዬ ልለፍ።

አንደኛ፣ የመንገድ መረጣ ንዑስ ኮሚቴው ላሳየው ጥልቅ ሰብአዊነት ምስጋናዬ ወሰን የለውም። መጀመሪያ የጸሐፊያችን የአቶ በፈቃዱ አማች ሪችመንድ ስለሚኖሩ፣ ሳንጠይቃቸው ብናልፍ ይቀየማሉ ተባለ። ሪችመንድ ከተራራው እጅግ የራቀ መሆኑን አንዳንድ ጨካኝ አባላት ካርታ ዘርግተው ቢያሳዩም፣ እርስዎ ካርታው እንደማይቀየምና ሰው ግን እንደሚቀየም አስረድተው አፍ አስያዟቸው። ሪችመንድ ከተደረሰ ደግሞ ደርሃም ያለችው የክርስትና ልጅዎ ምን ትላለች ተባለ። ቀጥሎም ሻርለት ውስጥ አንዲት አራስ እስካሁን እንዳልተጠየቀች ታወሰ፤ በእርግጥ የወለደችው አምና ነው። እንዲህ እንዲህ እየተባለ መንገዳችን ከተራራው ወርዶ በሰው ሳሎን የሚያልፍ ሆነ።

ሁለተኛ፣ በዚያ በኩል ባለው ሀይዌይ ላይ ብስክሌት መንዳት ክልክል መሆኑ ሲነገር፣ ኮሚቴው ምንም ሳይደናገጥ ብስክሌቶቹ በቫን እንዲጫኑና እኛም በመኪና እንድንከተላቸው ወስኗል። ብስክሌትን ሳይነዱ መሸኘት ድካም እንደሚቀንስ አልጠራጠርም። ሐሴት ይህን ስትሰማ «ማሚ፣ ይሄ ባይክ ትሪፕ ነው ወይስ ፋሚሊ ሪዩኒየን?» ብላ ጠይቃኛለች፤ መልሱን ኮሚቴው እንዲሰጣት በትሕትና እጠይቃለሁ።

ሦስተኛ፣ ለጉዞው ተብሎ ስለታደለን ካናቴራ አመሰግናለሁ። ደረቱ ላይ የታተመው ተራራ እጅግ ያምራል።

አራተኛ፣ በየደረስንበት ቤት ሳይበሉ መነሳት ነውር ስለሆነ፣ ምሳ የበላም ለእራት ስለሚለመን፣ ጉዞው በአንድ ሳምንት አያልቅም ተብሎ ለግንቦት ተላልፏል። ለዚህኛው ምስጋና ፈልጌ አጣሁ። አዝኛለሁ። በግንቦት ሐሴት እዚህ የለችም።

ሰው እንዳይቀየም የሚጨነቁት ከክፋት እንዳልሆነ አውቃለሁ፤ ቀዶ ሕክምና አድርጌ በተኛሁ ጊዜ ክፍሌን በጠያቂ የሞሉት እርስዎ ነበሩ፤ ያን ውለታዎን አልረሳም። ነገር ግን ሪችመንድና ሻርለት እንዳይቀየሙ ሲሉ ሲልቨር ስፕሪንግ ያለችውን አባልዎን እንዳስቀየሟት ይወቁልኝ።

በዚህም ምክንያት ይህ ደብዳቤ በማኅበሩ ግሩፕ ላይ ሲወጣ፣ እኔና ልጄ የኮሚቴውን ፈቃድ ሳንጠይቅ ፓርክዌዩ ከሚጀምርበት ቦታ ተነስተን ዳገቱን ተያይዘነዋል። ሲያቅተኝ ወርጄ እገፋለሁ፤ ሐሴትም ወርዳ አብራኝ ልትገፋ ቃል ገብታልኛለች። ሠፈራችንን እስክንለቅ ድረስ ስልካችንን ዘግተን ስለነበር፣ ደውለው ያጡን ሁሉ ይቅር ይበሉን። በመንገዱ ላይ የምናውቀው አንድም ሰው የለም።

ሄልሜቴን አውልቄ ከወገቤ ዝቅ በማለት፣ ለረጅም የሊቀመንበርነት ዘመንዎ እየጸለይኩ፣

ሁልጊዜም አክባሪዎ
የሺሀረግ
ከተራራው ላይ

ማስታወሻ፦ ክብርት ባለቤትዎ ወይዘሮ ዓባይነሽም ከእኛ ጋር ናቸው፤ ዳገቱን ከሁላችንም ቀድመው ወጥተዋል። ሳይነግሩዎ የወጡት ንቀው ሳይሆን ጉዳዩ ወደ ንዑስ ኮሚቴ እንዳይመራ ሰግተው መሆኑን እንድገልጽልዎ አዘውኛል። የዛሬ ምሳዎ ፍሪጅ ውስጥ ነው። ለቀሪው ሳምንት ግን ሪችመንድ ብቅ ቢሉ፣ እነዚያ ሰዎች ሳይበሉ እንደማይለቁዎ ኮሚቴው በቃለ ጉባኤ አረጋግጦልናል።