ካርቦኑስ ምን ሆነ?

ኅዳር 12 ቀን 1971 ዓ.ም.፣ ኡም ጋርጉር የስደተኞች ካምፕ፣ ሱዳን

ዛሬም ራኩባው፣ ያ የሣር ዳስ፣ ሥር ኬሚስትሪ አስተማርኩ። ሰሌዳ ስለሌለን የምጽፈው በርዳታ ወተት ካርቶን ላይ፣ በከሰል ነው። ኦክስጅን ኤሌክትሮን የመሳብ ኃይሉ ከካርቦን ስለሚበልጥ የጋራቸውን ኤሌክትሮኖች ወደ ራሱ ይጎትታል፣ ትስስሩም ፖላር፣ ማለትም አንዱ ጫፉ አሉታዊ ሌላው አዎንታዊ፣ ይሆናል አልኩ። በካርቦን ዳይኦክሳይድ ግን ሁለት ኦክስጅኖች ግራና ቀኝ ቆመው እኩል ስለሚጎትቱ ጉተታቸው ይጠፋፋል፤ ሞለኪውሉ ፖላር አይደለም።

ዘነበች እጇን አወጣች። የመተማ ልጅ ናት። አንድ ወንድሟን ደርግ ለሚሊሻ ወስዶታል፣ ሌላው ጫካ ገብቷል። እናታቸው እዚያው ብቻቸውን ቀርተዋል።

«ጋሼ፣ ካርቦኑስ ምን ሆነ?» አለችኝ።

«ሞለኪውሉ ፖላር አይደለም አልኩሽ።»

«እሱን ሰምቻለሁ። እኔ የጠየቅኩዎት ካርቦኑን ነው።»

ጎንደር ሰባት ዓመት ሳስተምር ይህን የጠየቀኝ ተማሪ የለም። እኔም ራሴን ጠይቄ አላውቅም። ካርቦኑማ ከሁለቱም ወገን ኤሌክትሮኑን ተገፍፏል። ድምሩ ዜሮ ስለሚመጣ ነው ከውጭ ለሚያየው ምንም ያልሆነ የሚመስለው።

ይህንኑ ልነግራት አፌን ከፈትኩ። የወጣው ግን የድሮው የመምህርነት አመሌ ነው፤ «እሱ ለፈተና አይመጣም» አልኳት።

እዚህ ካምፕ ፈተና የሚሰጥ ማንም የለም። እሷም ይህን ታውቃለች። ካርቦኑን በሁለቱ ኦክስጅኖች መካከል ደብተሯ ላይ ጻፈችው።