የእትዬ ሰኪና የበረሃ ጽጌረዳ

ጥር 26
የቂሊንጦው ሰርቪስ ዛሬም አረፈደ። ማታ ስገባ ጎረቤታችን እትዬ ሰኪና በር ላይ ቆማ ትጠብቀኛለች። ልጇን ልታርስ ድሬዳዋ መሄዷ ነው። የበረሃ ጽጌረዳዋን ከነባልዲዋ አስረከበችኝ። ግንዷ ከታች ድብልብል ያለ፣ ከጉልበቴ የማታልፍ ዛፍ።
«እናቴ፣ አላህ ይርሐማትና፣ በእጇ የተከለቻት ናት። አፈሩ ካልደረቀ ውሃ እንዳታስነኪያት፣ አደራ!»
ለእኔ... ቃሪያ እንኳን ጸድቆልኝ ለማያውቀው።

የካቲት 9
ቅጠሏ ረግፎ አለቀ። ግንዷን ስነካው ሰርጎድ አለ። አንዴ ብቻ ነው ያጠጣኋት! አፈሩ ግን እርጥብ ነው... ዝናብ በሌለበት?
እትዬ ሰኪና ደወለች። «ደህና ናት?» «ደህና ናት።» አፈርኩ።

የካቲት 11
እረፍት ነኝ። በመስኮት አየሁ። እማዬ ጸበሏን ጠጣች፣ የተረፈውን ባልዲው ውስጥ ደፋችው።
«እማዬ! በየቀኑ ነው?»
«እና የት ልድፋው? እግር በሚረግጠው?»
እውነቷን ነው። ግቢያችን ሲሚንቶ ነው፣ ከባልዲው ሌላ አፈር የለንም።
«እየበሰበሰች ነው እኮ።»
«ጸበል ያበሰብሳል ነው የምትይኝ?»
ውሃው ስለበዛ ነው ብላት አኮረፈች።

የካቲት 12
ሳሪስ ችግኝ የሚሸጠው ጂራታ እንደነገረኝ ነቀልኳት። የበሰበሰውን በቢላ ቆረጥኩ። የሰው እናት የተከለችውን! ቁስሉ እስኪደርቅ ጥላ ውስጥ አስቀመጥኳት።

የካቲት 21
በቀይ አሸዋ ተከልኳት። የባልዲውን ቂጥ በሚስማር በሳሳሁት።

መጋቢት 14
ግንዷ የጠነከረ መሰለኝ... ወይስ ምኞቴ ነው?
እማዬ በጣሳ ሎሚ ተክላለች። «ለጸበሌ» አለች፣ ፊቷን ሳታዞር። ታርቀናል መሰለኝ።

ሚያዝያ 20
እትዬ ሰኪና መጣች። ዛፏ ቅጠል አውጥታለች፣ አንድ እምቡጥም አላት። ቢሆንም ሁሉንም ነገርኳት። እማዬ አቋረጠችኝ።
«እሷ ምንም አላጠፋችም፣ ጸበሉን የደፋሁት እኔ ነኝ።»
ሰኪና ቁስሉን ዳበሰችው። ከዚያ ባልዲውን አዞረችው። ከግንዷ በወዲያኛው ጎን ሌላ ጠባሳ አለ፣ ያረጀ። እንዴት ሳላየው ቀረሁ?
«ይሄ የዘምዘም ነው» አለች። «እናቴ ከሐጅ ስትመለስ ያመጣችውን ውሃ ለበረካ እያለች ስታጠጣት ልትገድላት ነበር!»
እማዬ እንባዋ እስኪመጣ ሳቀች። እኔም እፎይ አልኩ። ለካ እስከዛሬ ትንፋሼን ውጬ ነው የከረምኩት።
ሰኪና ሎሚውን በጣቷ ነካ አደረገችው።
«ይሄኛው ይጠጣ፣ እማማ ወርቅውሃ። የእኔዋን ተዉልኝ።»