በሃምሳው የጾምከው ጾም

ግርሜ፣

ጥለኸኝ ከሄድክ ባለፈው ሐምሌ ሰባት ዓመት ሞላ። የደብዳቤ ወጉ ለጤናህ እንደምን አለህ ብሎ መጀመር ነበር፤ ለአንተ ግን ምን ብዬ ልበል? እውነቱን ልንገርህ፣ የምጽፍልህ ተናድጄብህ ነው። ሰባት ዓመት ሙሉ የማይበርድ ንዴት እንዳለ አላውቅም ነበር።

ቤታችን ያችው የቀበሌ ቤት ናት። የጣሪያዋን ቆርቆሮ ቀይረናል። ከጎረቤቶቻችን እኩሌታው ኮንዶሚኒየም ደርሷቸው ሄደዋል፤ በጓሮ በኩል ሆቴል እየተሠራ ስለሆነ አቧራው ልብስ አያሰጣም። ካዛንቺስን አሁን ብታያት ደጃችን ይጠፋሃል። እኔን ስኳር ይዞኛል፣ በኪኒን እየተቆጣጠርኩት ነው። ልጅህ ዳዊት ሠላሳ ሁለት ዓመቱ ነው። የእሱን ነገር በኋላ እነግርሃለሁ፤ ይህን ደብዳቤ ያስጻፈኝም እሱ ነው።

የሰባት ዓመት ተዝካርህን አውጥተናል። ሰው በልቶ ጠጥቶ ሲያበቃ ያው እንደ ልማዱ አንተን ማንሳት ጀመረ። «ግርማ እኮ እንዲያ ያለ ጾመኛ ነበር! የጻድቅ አሟሟት ነው የሞተው» ይላሉ። እኔ ጓዳ ወጥ እየጨለፍኩ እሰማለሁ። ጭልፋውን ወርውሬ ወጥቼ ልጮህባቸው ምንም አልቀረኝም። ምን ብዬ ልጩህ ግን? ይህን ስም ያወጣሁልህ እኔ ራሴ ነኝ።

ላንቻ ያለው ጋራዥ እስኪዘጋ ሃያ ሁለት ዓመት የመለዋወጫውን መጋዘን ይዘህ ሠርተሃል። ጠዋት ታክሲው «ላንቻ፣ ላንቻ» እያለ እየተጣራ አንተ «እግሬ ይፍታታ» ብለህ በእግርህ ትወርዳለህ። እዚያ መካኒኩ ነስሩ ይጠብቅሃል፤ ከጋራዡ ጎን ካለችው ቤት በአንድ ሳህን ፉል ትበላላችሁ። ያኔ ለጾም ያን ያህል አልነበርክም፤ ረቡዕና ዓርብ ቅቤና እንቁላሉ ይቅር ትላለህ እንጂ ቁርስህን አታልፍም። ነስሩም ለአንተ ብሎ ያለ ቅቤ ይበላ ነበር። እኔ ደግሞ እነዘንዝሃለሁ። እቤት ቁርስ ቀርቦልህ ምን ለክፎህ ነው በማለዳ ከሰው ጋር ፉል የምትዝቀው እያልኩ። ስቀህ ትወጣለህ።

ጋራዡ በመስከረም ተዘጋ። ሰማያዊ ቱታህን በፌስታል ይዘህ መጣህና አልጋው ጠርዝ ላይ ተቀመጥክ። እኔም ምነው ዛሬ በጊዜ ብዬ ብጠይቅህ «ተዘጋ» አልከኝ። ከዚያ በኋላ ስለዚህ ነገር አንድ ቃል አልተነፈስክም።

በዚያው ሰሞን ጽጌ ገባ። የጽጌ ጾም በፈቃድ ነው፣ ከጎረቤቶቻችንም የሚጾሙት አሮጊቶቹ ብቻ ነበሩ። አንተ እስከ ዘጠኝ ሰዓት እጾማለሁ ስትለኝ ደስታዬን አልቻልኩትም። ምን ላድርግ፣ ሥራ የፈታ ባል ካዛንቺስ ውስጥ የት እንደሚውል አውቃለሁ፤ ከደጃችን እስከ አስፋልቱ አምስት ግሮሰሪ ነው ያለው። የሌላው ሴት ባል በድራፍት ሲሰክር የእኔው ወደ እግዚአብሔር ቀረበ ብዬ ኮራሁ። ሴቶቹም «የታደልሽ!» አሉኝ፣ እኔም ታድያለሁ ብዬ አመንኩ።

ጽጌ አልቆ የነቢያት ገባ፣ ከዚያ ዐቢይ ጾም። ዘጠኝ ሰዓቱ አሥራ አንድ ሆነ። ሹሮውን ነካ ታደርግና እጅህን ትታጠባለህ። እንቅልፍህ ጠፋ፤ ጸሎት ላይ ነው አልኩ። ጺምህን መላጨት ተውክ፤ መንኖ ሊሄድብኝ ነው ብዬ ቀለድኩብህ። ከቤት መውጣት ጠላህ፤ ከዓለም ርቆ ነው አልኩ። ለያንዳንዱ ነገር የሚያምር ስም አገኘሁለት።

ነስሩ ሊጠይቅህ ሁለቴ መጣ፣ ሁለቴም «የለም በይው» አልከኝ፣ አልኩት። በሦስተኛው ግን አላመነኝም። በሩ ላይ ቆሞ «ስሚ የሺ፣ እኛም እኮ እንጾማለን። ማታ ግን እንበላለን፣ ተሰብስበን እንጫወታለን። ይሄ ሰውዬ ጾም አይደለም የያዘው። ማለቴ፣ አሞታል በቃ» አለኝ። ምን ብዬ እንደመለስኩለት ታውቃለህ? ውስጥ ሆነህ ሰምተኸኛል። «የኛን ጾም አንተ ምን አውቀህ!» ብዬ በሩን ዘጋሁበት።

ከዚያ ፋሲካ ሆነ። ዶሮውን ሠርቼ የመጀመሪያውን ጉርሻ በእጄ አጎረስኩህ። አላምጠህ አላምጠህ በስንት ጭንቅ ዋጥከውና «ሆዴ ተዘግቷል» አልከኝ። ከፋሲካ እስከ ጰራቅሊጦስ ሃምሳው ቀን ጾም የሚባል ነገር የለም። ረቡዕም ዓርብም ሥጋ ይበላል፣ ይህን ሕፃን ያውቀዋል። አንተ ግን በሃምሳውም አልበላህም። ሻይ በዳቦ፣ እሱም ከተገኘ። እኔ ምን አልኩ? «ጾሙ ለምዶበት ነው፣ ሥጋ አስጠልቶት» እያልኩ መንደር ለመንደር አወራሁ። ቤተ ክርስቲያን ራሷ ብሉ ባለችበት ቀን የማይበላ ሰው ለማን ብሎ ነው የሚጾመው ብዬ አንድ ቀን እንኳን ራሴን አልጠየቅኩም። እንዲህ ያለሁ ደንቆሮ ነኝ!

በሐምሌ ብርድ መታህ። ሆስፒታል ሳንባ ምች ነው አሉን። ሐኪሟ ክንድህን ይዛ ስታየው ቆየችና ከመቼ ጀምሮ ነው የማይበላው ብላ ጠየቀችኝ። ጾመኛ ነው አልኳት፣ ያን ጊዜም በኩራት። «በፋሲካስ በልቷል?» አለችኝ። ሰውነቱ በሽታውን የሚታገልበት አቅም የለውም አለች። በአራተኛው ቀን አረፍክ።

አንተንም አልምርህም። ሃያ ስድስት ዓመት አንድ አልጋ ተጋርተን «ከፍቶኛል» ማለት ይህን ያህል ይከብዳል? ወንድ ልጅ ስለሆንክ? ሆድ ይፍጀው እያልክ ዋጥከው፣ ይኸው አንተኑ ፈጀህ። ብትጮህ፣ ብትሰድበኝ፣ ሳህን ብትሰብር እንኳን ይሻለኝ ነበር።

አሁን ወደ ዳዊት ልምጣ። ሰንጋ ተራ ካለው መሥሪያ ቤቱ ሠራተኛ ሲቀነስ እሱም ተቀነሰ። ሁለት ሳምንት ክፍሉን ዘግቶ ከተኛ በኋላ ወጣና «እማ፣ ዘንድሮ ጽጌን እጾማለሁ» አለኝ። ሌላ እናት እልል ትላለች። እኔ ግን አትጾማትም ብዬ ጮህኩበት። ጎረቤት ሰምቶ፣ የሺ በእርጅናዋ ካደች ተባለ። ነፍስ አባታችን ዘንድ ሄጄ ሁሉንም ነገርኳቸው፤ «የታመመ ሰው ጾም የለበትም፣ አሳክሚው» አሉኝ።

ጎትቼ የአእምሮ ሐኪም ዘንድ ወሰድኩት። ሐኪሙ ኪኒን ጻፈለትና ቁርስ በሰዓቱ ብላ፣ ባቄላውንም እንቁላሉንም ጎመኑንም፤ ጠዋት ፀሐይ ሳይከር በእግርህ ሂድ፤ ከሰዓት በኋላ ቡና ይቅርብህ፤ ከሰው ጋር ዋል አለው። ይህንንማ እኔም እለው ነበር ብዬ ተናደድኩ። ታክሲ ውስጥ ነው የገባኝ። ላንቻ ድረስ በእግርህ መውረድህ፣ ፉሉ፣ የነስሩ ወሬ፣ እነሱ ነበሩ ለካ አቁመው የያዙህ። ጋራዡ ሲዘጋ የቀረብህ ሥራው ብቻ መስሎኝ ነበር።

ነስሩን ይቅር በለኝ ልለው ላንቻ ወርጄ ነበር። አገሩ ገብቷል አሉኝ፣ አድራሻውን የሚያውቅ አጣሁ።

አሁን ጠዋት ጠዋት ዳዊትን እቀሰቅሰዋለሁ። ይነጫነጫል፣ «ተይኝ በቃ» ይለኛል፣ አንዳንድ ቀን ጭራሽ አይነሳም። ሲነሳ አብልቼው አብረን እንወጣለን፤ ጉልበቴ እየጮኸ እከተለዋለሁ። ባለፈው እሁድ ከኡራኤል ዝቅ ብለን ስንሄድ ድንገት ቆመና «እማ፣ ደህና አይደለሁም» አለኝ። አስፋልቱ ዳር ተቀምጬ አለቀስኩ። መንገደኛው መርዶ የሰማሁ መስሎት አይዞሽ ይለኛል። ግርሜ፣ ደስ ብሎኝ እኮ ነው! ደስ ብሎኝ ሳለም በአንተ ተቃጠልኩ። ይችን ታህል ነገር ነበር ያስቀረህብኝ።

ይድን አይድን ገና አላውቅም። አንተን ግን አልረሳህም፣ ቃሌ ነው። ጎረቤቱ ጻድቁ ግርማ እያለ ያንሳህ፤ እኔ በዚያ ስም አላነሳህም። ትናንት ማታ ዳዊት አባቴ በምን ነበር የሞተው ብሎ ጠየቀኝ። በሰባት ዓመት የመጀመሪያው ነው። አባትህ ጾመኛ አልነበረም፣ ታሞ ነበር፤ እኔም እያየሁ አመሰገንኩት አልኩት።

የሺ