የእትዬ ተዋበች ቱዊንሴት

ማክሰኞ

ሁለቱንም ሹራቦች ጨረስኩ! ሰማያዊ፣ ከፊት የሚከፈቱ፣ ባለ ቁልፍ፣ ረጅም እጅጌ። አልጋው ላይ ጎን ለጎን ዘርግቼ እንደ መንታ ልጆች አየኋቸው። የሹራብ ማሽኔ እንዲህ ሠርቶ አያውቅም።

የባለቤቴ እናት፣ እትዬ ተዋበች፣ እሑድ በጡረታ ይሸኛሉ። ዕድሜያቸውን ሙሉ እዚሁ ሰፈር ሕፃናት አስተምረዋል። «ለሽኝቴ ቱዊንሴት ሥሪልኝ፣ ሌላ ስጦታ አልፈልግም» አሉኝ። ምን እንደሆነ አልጠየቅኩም፤ አፈርኩ። ቱዊን ማለት መንታ ነው፣ ሴት ደግሞ የብርጭቆ ሴት እንደምንለው። በቃ መንታ ሹራብ ነዋ።

ማታ ሰጠኋቸው። አንዱን ለበሱ። ሌላውን ገልበጥ ገልበጥ አድርገው አዩት።

«ይኼኛውስ?»

«ቅያሪ ነው እትዬ።»

ከዚያ «ጎበዝ፣ እጅሽ ይባረክ» ብለው አጥፈው አስቀመጡት። ጎበዝ ያሉበት ድምፅ «ሀ»ን ገልብጦ ለጻፈ ልጅ የሚሉበት ነው። የሆነ ነገር አበላሽቻለሁ።

ረቡዕ

ጠዋት ደፍሬ «እትዬ፣ ቱዊንሴት ምንድን ነው?» አልኳቸው።

ሳቁ። ደግነቱ ሳቁ! ከውስጥ አጭር እጅጌ፣ ክብ አንገት፣ በጭንቅላት የሚጠለቅ ሹራብ፤ ከላይ ባለ ቁልፉ። ክሩም ቀለሙም አንድ። «አንዱን ብቻ ከለበስሽ ስሙ ይቀራል። ሹራብ ብቻ ይሆናል» አሉ።

ትንሽ ልጅ ሳሉ ያስተማረቻቸው እንግሊዛዊት ቱዊንሴት ነበር የምትለብሰው። ክረምት ከበጋ። «አስተማሪ ማለት እሷ ነበረች ለእኔ። ደመወዝ ስይዝ እለብሳለሁ አልኩ። ከዚያ ዳዊት ተወለደ፣ ጫማ መጣ፣ ደብተር መጣ…»

ዳዊት ባለቤቴ ነው። ስልኩን ከፍቶ ያነባል፦ «ያረጀ ቃል ነው ይላል። አሁን እንግሊዞቹ 'ቱዊንሴት ለባሽ' ሲሉ ኮስተር ያለች፣ የድሮ ዘመን ወይዘሮ ማለታቸው ነው። እየቀለዱ።»

ምን አለ ዝም ቢል! እትዬ ግን ቀና አሉ። «ይቀልዱ። እኔ ሳያት በአፌ ላይ ዝንብ ቢያርፍ አላውቅም ነበር።»

ሁለተኛውን ባለ ቁልፍ እተረትረዋለሁ። ሌላ መንገድ የለም፤ የዚያ ቀለም ክር አዲሱ ገበያም ፈልጌ አጥቻለሁ፤ አልቋል።

ሐሙስ

ተረተርኩት። ልቤ አብሮ ተተረተረ። ክሩ እንደ ኢንዶሚ ተጠቅልሎ ቀረ። እንዲህ ሆኖ ማሽን ቢገባ ሹራቡ ጎርባጣ ነው የሚወጣው።

ወደ አባቴ ሽሮ ሜዳ ሮጥኩ። አባባ ሸማኔ ነው፤ ጉድጓዱ ውስጥ እንደተቀመጠ እጁን ሳያቆም ሰማኝ። ቱዊንሴት ስለው ግን አቆመ።

«መንታ ሴት? አርግዘሻል እንዴ?»

ስቄ ልሞት። ካስረዳሁት በኋላ ክሩን በጣቱ ሳብ ለቀቅ አደረገው። «አልሞተም። ጠምጥመሽ እሰሪው፣ ለብ ባለ ውኃ ንከሪው፣ ከዚያ ስቀይውና ከታች ክብደት አንጠልጥይበት። እስኪደርቅ እንዳትነኪው።»

እስኪደርቅ። በዚህ ዝናብ!

ዓርብ

ዘነበ። ከቁስቋም በኩል ያለው ዳገት በጉም ጠፍቷል። ክሩ ከጣሪያው አግዳሚ ላይ ተሰቅሏል፣ ሥሩ ውኃ የሞላ ሃይላንድ ተንጠልጥሏል። እየሄድኩ እነካዋለሁ። አትንኪው ተብያለሁ፣ እነካዋለሁ። እርጥብ ነው።

ዳዊት ከሰል አቀጣጥሎ አጠገቡ አስቀመጠ። የስልኩን ነገር ይቅር ብዬዋለሁ።

ቅዳሜ

ደረቀ! ቀጥ ብሏል፣ አዲስ ነው የሚመስለው።

ጀርባው ወጣ። ፊቱ ወጣ። እጅጌዎቹም። ሰፍቼ ስጨርስ አንገቱ የእትዬን ጭንቅላት አላስገባ አለ። አንገቱን ፈትቼ በእጅ መርፌ ሰፋ አድርጌ ሠራሁት። ፀሐይ ሳትጠልቅ አለቀ።

እትዬ ሁለቱንም ደርበው መስታወት ፊት ቆሙ። ብዙ ቆዩ። ከዚያ ትከሻዬን ያዝ አደረጉኝ።

እሑድ

የትምህርት ቤቱ አዳራሽ ሙሉ ነበር። አባቴም መጥቷል፣ ጋቢውን አጥቦ።

ሙቀት ሆነና እትዬ የላዩን አወለቁ። ልቤ ድንግጥ አለ፤ አንዱ ብቻ ሲቀር ስሙም ይቀራል ብለውኝ የለ? እሳቸው ግን ትከሻቸው ላይ ጣል አደረጉትና የላይኛዋን ቁልፍ ብቻ ቆለፉ። እንዲህም ይለበሳል ለካ። ንግሥት መሰሉ።

አንዲት ወጣት አስተማሪ «ቲቸር፣ ሹራብዎ ሲያምር!» አለች።

«ሹራብ አይደለም፣ ቱዊንሴት ነው። በሉ፣ ከኔ በኋላ፦ ቱ-ዊን-ሴት!»

አዳራሹ በሙሉ፣ ርእሰ መምህሩ ሳይቀር፣ «ቱ-ዊን-ሴት!» አለ። ሕፃናቱ ሦስቴ ደገሙት። እንግሊዞቹ የተዉት ቃል ጉለሌ ላይ ጣሪያ ሲያናውጥ ዋለ።

ከዚያ ጠሩኝ። መድረክ ላይ! «የሠራችልኝ ይቺ ናት። የሽሮ ሜዳ ሸማኔ ልጅ ናት፤ አባቷም ያውና።» አባባ ለመነሳት ሲል ጋቢው ወደቀበት። ሲያጨበጭቡለት አየሁ። ለእኔ ካጨበጨቡት ይልቅ እሱ ነው ያስለቀሰኝ።

ሰኞ

እትዬ እንደ ወትሮው በጠዋት ተነሱ። ቱዊንሴታቸውን ለበሱ፣ ቦርሳቸውን ያዙ፣ በሩ ጋ ሲደርሱ ቆሙ። የሚሄዱበት የለም። ተመልሰው ተቀመጡ። እኔ ወደ ማሽኔ ዞርኩ።

ቆይተው ወንበር ይዘው አጠገቤ መጡ። «በእጅ የሚሠራውን ሹራብ አስተምሪኝ» አሉ።

ይህን ያህል ዓመት ያስተማረ ሰው ማስተማር ቀላል አይደለም። ይከራከራሉ። የክሩ ቀለበት ያመልጣቸዋል፣ መርፌው ነው ይላሉ። ግን እስከ ምሳ አንድ መዳፍ የምታህል አወጡ፤ ጠማማ ናት፣ ግን በኩራት ለዳዊት አሳዩአት።

አሁን ክሩን እየጠቀለሉ «ነገስ በስንት ሰዓት ነው የምንገባው?» አሉኝ።

«በሁለት ሰዓት» አልኩ። «ማርፈድ ክልክል ነው።»

«እሺ ቲቸር» አሉ።